ጥሬ ይሻለኛል

መብራት የመጣው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤
ቬንቲሌተሩ አቃሰተ፣ ላፕቶፑ አንድ ዓይኑን ገለጠ።
ከዚራ ተኝቷል። ሙቀቱ ግን አልተኛም፤
ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተፋል።
ሄድፎኑን በሸሚዜ ጫፍ ጠርጌ
ሰው ፍለጋ ተቀመጥኩ፤
ሰው ማለቴ ድራመር፣
ድራመር ማለቴ ሶፍትዌር።

ሚልኪያስ ከሄደ አምስት ወሩ።
አሁን ደወሌ መስመር ላይ የከባድ መኪና ረዳት ነው፤
ጎማ በብረት እየመታ
አየሩ መጉደሉን በድምፁ ይለያል፤
ጥሩ ጆሮ የትም አይራብም።
ድራሙም አልጠበቀንም፦
ኪኩን አይጥ በላው፣ ሲምባሉን ሌባ።

ሲራጅ ከታይዋን በፍላሽ ጭኖ መጣ፤
«አቦ፣ ይኼ ነው! ዓለም በሙሉ የሚቀዳበት!»
አንዴ ነካሁት፤
አዳራሽ የሚያህል ማሚቶ ተከትሎት ገባ።
ስኔሩ የባንክ በር ሲዘጋ ይመስላል፣
ኪኩ ለፎቶ ጡንቻውን የወጠረ ጎረምሳ፣
ሲምባሉ ሽቶ ተርከፍክፎበታል፤
የታሸ፣ የተቀባ፣ የተኳለ፣
ሙሽራ እንጂ ምት አይደለም።
ቀስ ብዬ ስመታው ይጮኻል፣
ጠንክሬ ስመታው ይጮኻል፤
ቁጣና ሹክሹክታ የማይለይ ሰው
ለባንዳችን አንድ ይበቃል፤ እሱም እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ሽፋኑ ላይ እሳት ተስሎበታል።
የድሬን ግንቦት ለሚያውቅ እሳት በሥዕል?
ሳልከፍተው ዘጋሁት።

እኔ የምፈልገው ቆዳው ቆዳ ሆኖ፣
እንጨቱም እንጨቱን ሳይሸሽግ ተማምኖ፣
ቤዙ ሲያጉረመርም አጠገቡ ቆሞ
የስኔሩ ሽቦ ሳይነኩት አስቀድሞ
የሚያንሾካሹካት፣ ያቺ ናት የጠፋች፤
በቅባት ተውጣ፣ ተወልውላ የወጣች።
ጨው ካስፈለገ እኔ እጨምራለሁ።
ቀድሞ የጨመረልኝ ሰው
የእኔን ምላስ አያውቀውም።

ሦስተኛው አርባ ጊጋ ነው፤
እስኪከፈት አንድ ባጃጅ አለፈ፣
ሁለት ውሻ ተጣልቶ ታረቀ።
መታሁት።
ጠብ።
ይኸው ነው፤ ጠብ።
ውሃ የረሳው አሸዋ ላይ የወደቀ ጠጠር።
«ጀሪካን ነው እንዴ?» ሲራጅ ሳቀ፤
«ወላሂ፣ ይኼ ነገር ተበላሽቷል!»
ዝም አልኩት፤
ደቻቱን የሚያውቅ ሰው ደረቅ ነገር አይንቅም።

ጠንከር አደረግኩት፤ ክፍሉ ነቃ።
የራሴ ክፍል አይደለም፣ የነሱ፤
የት አገር እንደሆነ እንጃ፣
የእንጨት ወለል ያለው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ።
በምትና በምት መካከል ወንበር ተንቋቋ፤
አንድ የማላውቀው ሰውዬ
ዱላውን አንስቶ ከመጣሉ በፊት
ትንፋሹን ሳበ።
ያቺን ትንፋሽ ቆርጠው ሊጥሏት ይችሉ ነበር፤
ረስተዋት ይሁን አዝነውላት፣ ትተዋታል።
ሲራጅም ሳቁን አቆመ። «ድገመው» አለኝ።
ደገምኩት።

ሊነጋ ሲል ለሚልኪያስ በቴሌግራም ላክሁለት፤
ጊታሩን ከነጩኸቱ፣ ድራሙን ከነድርቀቱ።
ከኋላው የናፍጣ ሞተር እያጓራ መለሰ፦
«ማነው ይኼ? ደህና ይመታል።
ግን ለምንድነው የማይዘገየው?»

በዚህ ነበር ስንጣላ የኖርነው፤
አራተኛዋ ምት ላይ ሁሌ ይዘገይ ነበር፣
ፀጉር ታህል፤
ጉርሻውን ሳይውጥ እንደተጠራ ሰው።
«ቁጠር!» ስለው፣ «ቆጥሬያለሁ» ይለኛል፤
እኔ ቁጥሩን ስይዝ እሱ ዘፈኑን ይዞ።

ማውሱን ያዝኩ።
አራተኛዋን ምት በጣቴ ጫፍ ወደ ኋላ ጎተትኳት፣
ትንሽ፣
አሁንም ትንሽ፤
በዛ፤ መለስኳት።
እዚያ ጋ ተዋት አልኩ ለራሴ።

በነጻ የሚሠራው ለአሥር ቀን ነው፤
ከዚያ በየደቂቃው መሐል ላይ ዝም ይላል አሉ።
ዋጋው በዶላር ነው፣ እኔ የምጠግነው ስልክ በብር።
መስኮቱን ከፈትኩ፤
ዘጠኝ ቀን አለኝ።